ስለ «ትማርኪያለሽ» ሸክላ፤ የመኮረጅ ክስና መልሱ

እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስ የተባለው የሸክላ አሳታሚ ድርጅት የመጀመሪያ ሥራውን ለገበያ አቀረበ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) ሸክላው ባለ 45 ዙር፣ ትንሽ፣ በየገጹ አንዳንድ ዘፈን የተቀዳበት ሲሆን፣ ዘፋኙ አቶ ዓለማየሁ እሸቴ፣ የዘፈኑም ስም «ትማርኪያለሽ» ነበር። ከዚያ ወዲህ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አልፏል። ስለዚህ ዘፈንና ስለ ዘፋኙ የሚነገረው ነገር ግን እስከ ዛሬ ድረስ እምብዛም አልተለወጠም። አንደኛው ወገን «ዓለማየሁ የኢትዮጵያ ኤልቪስ ነው፤ ጸጉሩንና አለባበሱን፣ አዘፋፈኑንም ሳይቀር ከአሜሪካ ኮርጆ ያመጣ ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ይህንኑ ስም ለምስጋና ያውለዋል፤ እኛም ኤልቪስ ነበረን ብሎ ይኮራበታል። ነቃፊውም አመስጋኙም በአንድ ቃል መስማማታቸው የሚያስገርም ነው። ሁለቱም ስለ ጸጉሩ ሲከራከሩ ዘፈኑን መስማት ረስተዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ወደ ዘፈኑ መመለስ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት አስቀድሞ ሕጉን ማወቅ ያስፈልጋል። በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ድንጋጌ ሸክላ ከውጭ ማስገባትና ማሳተም ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ መብት ሆኖ ነበር። ሀገር ፍቅር በ1935 የጣልያን ጦር ሊወርረን በተቃረበበት ጊዜ ሕዝቡን ለማነቃቃት የተቋቋመ ማኅበር ስለ ሆነ፣ ይህ አደራ ለእርሱ መሰጠቱ ምክንያት አልነበረውም አይባልም። ይሁን እንጂ መብት መያዝ አንድ ነገር ነው፤ በመብቱ መሥራት ሌላ ነገር ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት አዲስ አበባ የኦርኬስትራ ከተማ ሆና ነበር። ክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ነበረው፤ ጦር ሠራዊት ነበረው፤ ፖሊስ ሠራዊት ነበረው፤ በ1955 የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትርም (የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር) የራሱ ነበረው። መለከቱና ሳክስፎኑ የመንግሥት ንብረት፣ ሙዚቀኛውም የመንግሥት ደመወዝተኛ ነበር። ይህ ሁሉ ድምፅ በየምሽቱ ሲነፋና ሲመታ እያደረ፣ ጧት የሚገዛና ወደ ቤት የሚወሰድ ሸክላ ግን የሚገኘው አብዛኛውን የውጭ አገር ነበር።

አቶ አምሃ እሸቴ በዚያን ጊዜ በሃያዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ወጣት ነጋዴ ሲሆኑ፣ በአዲስ አበባ የውጭ አገር ሸክላ የሚሸጡበት ሱቅ ነበራቸው። የአባታቸው ስም ከዘፋኙ ጋር አንድ በመሆኑ ብዙ ሰው ወንድማማቾች ያደርጋቸዋል፤ አይደሉም። አቶ አምሃ ያዩት ነገር ማንም ነጋዴ ሊያየው የሚችለው ነበር፤ ገዢ አለ፣ ዘፋኝ አለ፣ ሸክላ ግን የለም። ልዩነቱ እርሳቸው ሕጉን እያወቁ ለመሞከር መድፈራቸው ነው። ዘፋኙም እንዲሁ የመንግሥት ኦርኬስትራ ልጅ ሆነው ከፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ የወጡ ስለ ነበሩ፣ ድፍረቱ የሁለቱም ነበር ማለት ይቻላል። በአገሩ የሸክላ ማተሚያ መኪና ስላልነበረ ድምፁ የተቀዳበት ቴፕ ወደ ህንድ አገር ተልኮ ታተመ። ሸክላው ተሸጠ፤ ድርጅቱም አልተዘጋም። እንዲያውም አምሃ ሪከርድስ በጥቂት ዓመታት ውስጥ 103 ያህል ትናንሽ ሸክላዎችንና ዐሥራ ሁለት ያህል ትልልቆችን አሳተመ። ሌሎችም ነጋዴዎች ተከተሉት። አንድ የሦስት አራት ደቂቃ የፍቅር ዘፈን ሃያ አንድ ዓመት የቆየ ድንጋጌን ያለ አዋጅ ሽሮታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታረም አለበት። «ትማርኪያለሽ» የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሸክላ ነው እየተባለ ሲጻፍ ይታያል። የመጀመሪያው እርሱ አይደለም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ (በዚህ ታሪክ ውስጥ ሦስተኛው የእሸቴ ልጅ) በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ሄደው ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ በበርሊን ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ዘፈንና ሸክላ ከተዋወቁ ዓለማየሁ ሲዘፍኑ ስድሳ ዓመት ሆኗቸው ነበር። በ1969 የተለወጠው ባለቤትነቱ ነው፤ የገንዘቡ አውጪ፣ የዘፋኙ መራጭ፣ የትርፉና የኪሳራው ተሸካሚ አንድ የግል ሰው ሆነ።

አሁን ወደ ዘፈኑ እንመለስ፤ ከርዕሱም እንጀምር። ማረከ የጦር ሜዳ ቃል ነው። በአገራችን በሰሜን ሸዋ ምርኮ ሲባል በመጀመሪያ የሚታሰበው ጠመንጃ፣ በቅሎና ሰው ነው። በፉከራና በሽለላ ማራኪው ፎካሪው ራሱ ነው፤ «ማረክሁ» ይላል፤ ማን እንደ ተማረከና የት እንደ ተማረከም ይቆጥራል። በዚህ ዘፈን ርዕስ ግን ግሡ በሴት አንቀጽ ተነግሯል፤ ማራኪዋ እርስዋ ናት። ወንዱ መሣሪያውን አስረክቦ ቆሟል። ከዚህም በላይ አንድ የሰዋስው ነገር አለ። ዘፈኑ «ትማርኪኛለሽ» አልተባለም፤ «ትማርኪያለሽ» ነው የተባለው። ተማራኪው በቃሉ ውስጥ የለም። ማንን እንደምትማርክ ሳይነገር ስለ ቀረ፣ ሁሉን የምትማርክ ትሆናለች፤ ዘፋኙም ከብዙ ምርኮኞች አንዱ ብቻ ይሆናል። በዛሬ አነጋገር «ይማርካል» ማለት ደስ ይላል ከማለት ብዙም ስለማይርቅ፣ ወጣት ሰሚ ይህን የጦርነት ሽታ ላያገኘው ይችላል። በ1969 የነበረው ሰሚ ግን አባቱ አርበኛ የነበረ፣ አያቱም ዐድዋ የዘመተ ሊሆን ይችል ነበር።

ሌላው ጉዳይ የቃሉ አካሄድ ነው፤ የመኮረጁ ክስም መመዘን ያለበት በዚህ ይመስለኛል። የአሜሪካኖቹ ሮክ ኤንድ ሮል በአጫጭር የእንግሊዝኛ ቃላት ላይ የተሠራ ነው። እንግሊዝኛ ከአንድ ቃል ውስጥ አንዱን ክፍል አጉልቶ ሌላውን ዋጥ አድርጎ የሚናገር ቋንቋ ስለ ሆነ፣ ጎላ ያለው ክፍል ከከበሮው ምት ጋር ሲገጥም ሰውነትን ያንቀሳቅሳል። አማርኛ ግን እንዲህ አይደለም። አንድ ግሥ ብቻውን ባለቤቱንና ጊዜውን፣ አንዳንድ ጊዜም ተሳቢውን ጭምር ተሸክሞ የሚሄድ ረዥም ነገር ነው። የቃሉም ክፍሎች በድምፅ ጉልበት እምብዛም አይበላለጡም። በዚህ ፈንታ አማርኛ መጥበቅና መላላት አለው፤ ይህ ደግሞ ትርጉምን የሚለውጥ ነውና ዘፋኝ እንደ ፈቀደው የሚጫወትበት አይደለም። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፤ ሲጠብቅ ይኖራል ነው። ለከበሮው ብሎ የላላውን የሚያጠብቅ ዘፋኝ ሌላ ነገር ተናግሮ ይገኛል። «ትማርኪያለሽ» በሚለው ቃል ውስጥ ወደ መጨረሻው ያለው «ለ» ይጠብቃል። ስለዚህ የቃሉ ክብደት ወደ ኋላ ይመጣል፤ የፊተኞቹ ክፍሎች እየተንደረደሩ ሄደው እዚያ ያርፋሉ። በእንግሊዝኛ ዘፈን ብዙ ጊዜ ክብደቱ ከፊት ይወድቃል። ኤልቪስን ቃል በቃል የሚኮርጅ ሰው በዚህ ቃል ላይ ተደናቅፎ ይወድቅ ነበር። ዓለማየሁ አልወደቁም፤ ምክንያቱም ከበሮውን ለቋንቋው አስገዙት እንጂ ቋንቋውን ለከበሮው አላስገዙም።

ይህን ስል የውጭው ተጽዕኖ አልነበረም ማለቴ አይደለም። ነበረ፤ ብዙም ነበረ። የአሜሪካን ጦር አስመራ ላይ ከነበረው ከቃኘው ሰፈሩ የሚያሰራጨው ራዲዮ ነበር፤ የአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ፊልም ያሳዩ ነበር፤ ከ1962 ጀምሮም የሰላም ጓድ አስተማሪዎች በየትምህርት ቤቱ ጊታር ይዘው ገብተዋል። አቶ ዓለማየሁ ራሳቸው በወጣትነታቸው እንደ አሜሪካኖች ለብሰውና ጸጉራቸውን አሳድገው የኤልቪስን ዘፈኖች በእንግሊዝኛ ይዘፍኑ እንደ ነበር ለብዙ ጋዜጠኞች ተናግረዋል። ነገር ግን በዚያው ንግግራቸው ዝናቸው በእውነት የጨመረው አማርኛ መዝፈን ሲጀምሩ መሆኑንም ገልጸዋል። ከሳሾቹ የንግግሩን የመጀመሪያ ግማሽ ብቻ ይጠቅሳሉ።

ደግሞስ መኮረጅ ወንጀል ከሆነ ተከሳሾቹን በቅደም ተከተል መጥራት ይገባል። ኤልቪስ ፕሬስሊ ሐምሌ 1954 በሜምፊስ ከተማ በሳም ፊሊፕስ ትንሽ የሸክላ ቤት የመጀመሪያ ሸክላውን ሲቀርጽ፣ የዘፈነው አርተር ክሩዳፕ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ በ1946 የቀረጸውን ዘፈን ነበር። ክሩዳፕ ከዘፈኑ ያገኘው ገንዘብ ከኤልቪስ ሀብት ጋር የሚነጻጸር አይደለም። «ሃውንድ ዶግ» የተባለውንም በ1956 ከኤልቪስ አስቀድማ በ1952 የቀረጸችው ቢግ ማማ ቶርንተን ናት። የሮክ ኤንድ ሮል ሥር የጥቁሮቹ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር፣ የእርሻ ላይ እንጉርጉሮና የምሽት ቤት ጭፈራ ነው። እንግዲህ ከአፍሪካ በግድ የተወሰዱ ሰዎች ልጆች የፈጠሩትን ነጭ ልጅ ወሰደው፤ ከነጩ ልጅ ደግሞ የጅማ ተወላጅ የሆነ ኢትዮጵያዊ ወሰደው። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የመጨረሻውን ሰው ብቻ አንቆ «ሌባ» ማለት ዳኝነት አይደለም። የሜምፊሱ ሸክላ ቤትና የአዲስ አበባው ሸክላ ሱቅ እርስ በርስ መመሳሰላቸውም ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ሁለቱም ትናንሽ፣ ሁለቱም በአንድ ወጣት ድፍረት የተቋቋሙ፣ ሁለቱም ትልልቆቹ የናቁትን ድምፅ ያነሡ ነበሩ።

እኔ የጣርማ በር ሰው ነኝ። ጣርማ በር ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ ያለው ከፍታ ሲሆን፣ ጣልያኖች ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ተራራውን በስተው የሠሩት ዋሻ ይገኝበታል። የደሴና የአሰብ የጭነት መኪና ሁሉ በዚያ ያልፍ ነበር። ጉሙ ሲወርድ ሾፌር የፊቱን አያይም፤ ስለዚህ ይቆማል፤ ከቆመ ሻይ ይጠጣል፤ ሻይ ከጠጣ ዘፈን ይፈልጋል። በዚያ ዘመን ጎልማሳ የነበሩ የአገሬን ሰዎች ስጠይቅ፣ ሸክላዎቹ በሾፌሮች እጅ ይመጡ እንደ ነበርና በባትሪ በሚሠራ ማጫወቻ ይሰሙ እንደ ነበር ነገሩኝ። የዓለማየሁን ሸክላ በተመለከተ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ የሰጡኝ ሳያስቡት ነው። ኤልቪስን ይመስላል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። «ማነው እርሱ?» አሉኝ። ለእነርሱ ዘፈኑ የሚመዘነው በሚያውቁት ነበር፤ በማሲንቆና በአዝማሪ። አንዱ አባት በመጀመሪያ ሲሰሙት የወታደር ማርሽና የሠርግ ዘፈን የተጋቡ መስሏቸው እንደ ነበር አጫወቱኝ። ይህ ከብዙ ሊቃውንት አስተያየት የተሻለ ሂስ ይመስለኛል፤ የመለከቱ ምንጭ በእርግጥም የወታደርና የፖሊስ ባንድ ነውና። ቅጂ ነው የሚለው ክስ ዋናውን የሚያውቅ ጆሮ ያስፈልገዋል። ከፒያሳ ሲኒማ ቤቶች ርቆ በጉም ውስጥ የተቀመጠው ሰሚ ያ ጆሮ አልነበረውም፤ ሆኖም ዘፈኑን ወደደው። እንግዲህ የወደደው ኤልቪስን ሊሆን አይችልም።

አሁን ደግሞ ጉድለቱን እንናገር። ግጥሙ ከርዕሱ አይበልጥም። ከላይ የገለጽሁት የምርኮ ምሳሌ ከርዕሱ ወደ ስንኞቹ ወርዶ በሰምና ወርቅ ሊስፋፋ ሲችል፣ ውዳሴ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። አንድ ጥሩ አዝማሪ ይህን ርዕስ ቢያገኝ እስከ ንጋት ይዘፍንበት ነበር። ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በገጣሚው ላይ መጣል አይገባም። አዝማሪ ሰዓት አይቆጠርበትም፤ እንግዳ ሲገባ ስሙን ያነሣል፤ ታዳሚው ግጥም ሲሰጠው ይቀበላል፤ ያው ዘፈን በየምሽቱ ሌላ ነው። ትንሹ ሸክላ ግን ለአንድ ገጽ ከአራት ደቂቃ ብዙ የማይበልጥ ቦታ ነው ያለው። ዘፈን በሸክላ ሲገባ ይቆረጣል፤ ከተቆረጠም በኋላ አይለወጥም። ሰሚውም ከግጥም ሰጪነት ወደ ገዢነት ይለወጣል። ይህ ለውጥ ከጸጉርና ከሱሪ ይልቅ ለባህላችን እጅግ የከበደ ነበር፤ ስለ እርሱ ግን ማንም ዓለማየሁን አልከሰሰም።

ስለ አቀነባበሩ ጥቂት ልበል። በሚስዮን ትምህርት ቤት መዝሙር በአራት ድምፅ ተከፋፍሎ ሲዘመር ያደገ ጆሮ፣ የዚያን ዘመን የአማርኛ ዘፈን ሲሰማ የድምፆቹን መሳሳት ወዲያው ያስተውላል። አምስት ድምፅ ብቻ ባላቸው ቅኝቶቻችን ላይ የአውሮፓን ድርርብ ድምፅ መጫን እንደ ምን አስቸጋሪ እንደ ሆነ ነርሲስ ናልባንዲያን ዕድሜያቸውን ሙሉ የደከሙበት ጉዳይ ነው። ለዓለማየሁ ብዙዎቹን ዘፈኖች ያቀናበሩት ፒያኒስቱ ግርማ በየነ የመረጡት መንገድ ሌላ ነበር። ድምፅ ከመደረብ ይልቅ ክፍተት መተው፤ መለከቶቹን በአጭር አጭር እንዲመልሱ ማድረግ፤ መሐሉን ለዘፋኙ ሻካራ ጩኸት መልቀቅ። እንደ እኔ አስተያየት ዘፈኑን ከእርጅና ያዳነው ይህ ክፍተት ነው። ሆኖም ሕዝቡ የዘፋኙን ስም ሲያነሣ ያቀናባሪውን አያነሣም። አቶ ግርማ በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደው እዚያው ቀሩ፤ ለብዙ ዓመታትም በዋሽንግተን በነዳጅ ማደያ ሠርተው ኖሩ። የፈረንሳይ ሙዚቀኞች ፈልገው አግኝተዋቸው በ2017 በስማቸው አዲስ ሥራ ሲወጣ ብዙዎቻችን ስማቸውን የሰማነው ያን ጊዜ ነው።

የሸክላው ዘመን አጭር ነበር። በ1974 አብዮቱ መጣ፤ የሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የምሽት ዘፈን ያለ ምሽት ምን ይሆናል? አቶ አምሃ በ1975 ከአገር ወጡ። ካሴትም መጣና ሸክላን ተካ፤ ርካሽ ስለ ነበረና ማንም ሊገለብጠው ስለሚችል። ከዚያ በኋላ የዚህ ሙዚቃ ታሪክ በውጭ አገር ሰው እጅ ገባ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባሉት ፈረንሳዊ በ1984 የማሕሙድ አህመድን አንድ ሸክላ ሰምተው ተደነቁና ወደ አዲስ አበባ መጡ። የማሕሙድ «እሬ መላ መላ» በ1986 በብራስልስ ታተመ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻም «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ሥራ ተጀመረ። ዘጠነኛው ክፍል ሙሉ በሙሉ የዓለማየሁ ነው። በ2008 አቶ ዓለማየሁ ኒው ዮርክ ላይ ከአሜሪካኖቹ ኢዘር ኦርኬስትራ ጋር ሲዘፍኑ የስድሳ ሰባት ዓመት ሰው ነበሩ።

ለፋልሴቶ ምስጋና ይገባቸዋል፤ ያለ እርሳቸው ብዙው ጠፍቶ ይቀር ነበር። ነገር ግን አንድ የኢትዮጵያ ተማሪ ስለ አንድ የኢትዮጵያ ዘፈን ለመጻፍ ከፈረንሳይ በታተመ ሲዲ ላይ ካለው ማስታወሻ መጀመሩ ሊያሳስበን ይገባል። ማስታወሻው የተጻፈው ለፓሪስ ሰሚ ነው፤ «ኤልቪስ» የሚለውም ስም የሚጠቅመው ለዚያ ሰሚ ነው፤ የማያውቀውን በሚያውቀው እንዲገምት። ለእኛ ግን ምንም አይነግረንም። እኛ ልንጠይቀው የሚገባን ሌላ ነው፤ ማሲንቆ የት ገባ፣ ፉከራው የት ሄደ፣ ግጥም ሰጪው ታዳሚ ምን ሆነ።

አቶ አምሃ በሚያዝያ ወር 2021 ዐረፉ። አቶ ዓለማየሁም በዚያው ዓመት በመስከረም 2 ቀን በሰማንያ ዓመታቸው ተከተሉ። ይህን ሸክላ የደፈረውና የዘፈነው በጥቂት ወራት ልዩነት ተለዩን። የቀረው ሸክላው ራሱና የሰሙት ሰዎች ናቸው። በጣርማ በር አንዲት እናት ቤት ስምንት ያረጁ ሸክላዎችን አየሁ፤ ሁለቱ የእንስራ ክዳን ሆነው ያገለግላሉ፤ ሌሎቹ በከረጢት ተጠቅልለው ከቆጥ ላይ ተቀምጠዋል። መሐላቸው ላይ ያለው ወረቀት በአብዛኞቹ ላይ እስከ አሁን ይነበባል። ከደብረ ብርሃን እስከ ደብረ ሲና ባለው መንገድ ላይ ሌሎችም እንዳሉ ሰዎች ነግረውኛል። ሁለት ሦስት ተማሪዎች አንድ ማጫወቻና አንድ መቅጃ ይዘው ብንወጣ፣ ሸክላዎቹን ከነስማቸው ለመመዝገብና የሰሚዎቹን ቃል ለመቅዳት የክረምቱ ዕረፍት እንኳን ሙሉ አይፈጅብንም፤ ጉሙ ብቻ ሐምሌ ላይ ያስቸግራልና ሰኔ ሳይገባ ቢሆን ይመረጣል።